የደጋ እሳት ዋጋ

ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ግድም ላይ ተቀምጣለች፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከጣና ዳር ተነስቶ በወረታና በደብረ ታቦር አድርጎ ላይ ጋይንት የገባ መንገደኛ 8 ዲግሪ ያህል ሙቀት ከኋላው ትቶ መጥቷል። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣው የጉና ተራራ ዙሪያ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በሌላው ጫፍ፣ በታች ጋይንትና በስማዳ፣ መሬቱ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ተንዶ ቆላ ይሆናል። በአንድ ወረዳ ውስጥ በእሳት ዳር ተኮራምቶ የሚያመሽም፣ ደጅ አልጋ ዘርግቶ የሚያድርም ሰው አለ። ይህ ምዕራፍ የመጀመሪያውን ሰው ይመለከታል።

የደጋው ብርድ ሁለት ዓይነት ነው። የሐምሌና የነሐሴው ከጉም፣ ከዝናብና ከበረዶ ጋር ይመጣል። የአየሩ ሙቀት እጅግ አይወርድም፤ ነገር ግን ልብሱም፣ እንጨቱም፣ ግድግዳውም እርጥብ ነው፣ እርጥብ ነገር ደግሞ ከገላ ላይ ሙቀት ይመጥጣል። ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ጥር ያለው ሌላ ነው። ቀን ፀሐይዋ ትፋጃለች፤ ማታ ሰማዩ ጥርት ይልና ምድር ቀን የያዘችው ሙቀት፣ የሚመልሰው ደመና ስለሌለ፣ ሽቅብ ይሄዳል። ሊነጋ ሲል ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል፤ ገበሬውም በዚያ ሰዓት ከራሱ ብርድ ይልቅ የሚያስጨንቀው የባቄላው ማሳ ነው። ለክረምቱ ብርድ መፍትሔው ደረቅ ማገዶና የማያፈስ ጣራ ነው። ለውርጩ ግን የሞቀውን አየር ይዞ የሚያሳድር ቤትና ልብስ ያስፈልጋል። ሁለቱንም እሳት በማብዛት ብቻ ለመመከት የሚሞክር ቤት ማገዶው ቶሎ ያልቅበታል።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ቤት ማሞቅ ሲሉ የሚያውቁት ሌላ ነገር ነው። እዚያ የቤቱ አየር በሙሉ፣ ሰው የሌለበት ክፍል ሳይቀር፣ 20 ዲግሪ ገደማ እንዲሆን ይደረጋል፤ ወር ሲሞላም የሚከፈል ሂሳብ ይመጣል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋ ቤቱን የሚያሞቅ የለም፤ የሚሞቀው ሰው ነው። እሳቱ የሚነደው ለእንጀራው፣ ለወጡና ለቡናው ሲሆን ቤተሰቡ የሚሞቀው በትርፉ ነው። ሂሳብ ይዞ የሚመጣ ስለሌለ ሙቀቱ ነፃ ይመስላል። ነፃ ግን አይደለም። ዋጋው ከማሳው፣ ከሴቷ ጉልበትና ከሳንባዋ ላይ እየተቆረጠ ይከፈላል፤ የት እንደሚከፈል ሳይታወቅ ደግሞ ወጪውን መቀነስ አይቻልም።

ከገላ የሚነሳ ሙቀት

አንድ ዐዋቂ ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ 100 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል፤ የድሮው ባለ 100 ሻማ አምፖል እንደሚያወጣው ማለት ነው። ይህ ሙቀት በምግብ ተከፍሎበታል፣ ሌላ ማገዶ አይፈልግም። የልብስ ሥራ ሙቀት መስጠት ሳይሆን ይህን ሙቀት እንዳይሸሽ መያዝ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ሆኖ የሚሠራው በከንቱ አይደለም። በድርቡና በድርቡ መካከል የማይንቀሳቀስ አየር ይታቆራል፣ የቆመ አየርም ሙቀትን ከማያስተላልፉ ነገሮች ዋነኛው ነው። ሁለት ያረጁ ልብሶች ተደርበው ከአንድ ወፍራም አዲስ ልብስ የሚበልጡትም ለዚሁ ነው።

ጥጥ አንድ ድክመት አለው። ሲረጥብ ውኃው የአየሩን ቦታ ይይዝና ጋቢው ከብርድ የማያስጥል ከባድ ጨርቅ ይሆናል። የበግ ጠጉር ግን የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ይዞ እንኳ ማሞቁን አይተውም። ደገኛው በክረምት ባናና በርኖስ፣ እረኛው ደግሞ ደበሎ የሚመርጠው ይህን ከኑሮ ስለሚያውቅ ነው። የደቡብ ጎንደር ደጋ የፋርጣ በግ አገር ነው፤ ጠጉሩን ሴቶች ይፈትሉታል፣ ሸማኔው ይሠራዋል። ዛሬ ገበያው ከውጭ በሚመጣ ቀላል ብርድ ልብስ ተሞልቷል። ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ዋጋውም ለብዙ ቤት ይቀርባል፤ እሳት ዳር ግን አደገኛ ነው። ፍንጣሪ ሲነካው ይቀልጥና ገላ ላይ ይጣበቃል። ሕፃናት ምድጃ አጠገብ በሚያድሩበት ቤት ጋቢው ወይም ባናው ከላይ፣ ሰው ሠራሹ ከሥር ቢሆን ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የሥሩን ነው። ተኝቶ የሚያድር ሰው ሙቀቱን ለመደቡም ይሰጣል፤ ጭቃና ድንጋይ ደግሞ ሙቀት ሲጠጡ ያድራሉ። በመደቡ ላይ ወፍራም ጭድ፣ በጭዱ ላይ ቁርበት ወይም አጎዛ የተነጠፈለት ሰው አንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ የለበሰ ያህል ነው። ወጪውም የጭዱ ብቻ ነው።

ስለ አረቄ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አረቄ ያሞቃል የሚለው እምነት በደጋው ሁሉ ሥር የሰደደ ነው፤ ጉሮሮ ሲያቃጥልና ፊት ሲያቀላ እውነትም ያሞቀ ይመስላል። የሚሆነው ግን በቆዳ ሥር ያሉ የደም ሥሮች መስፋት ነው፤ ከውስጥ የነበረው ሞቃት ደም ወደ ቆዳው ይመጣና ሙቀቱን ለብርዱ ያስረክባል። የጠጣው ሰው ሙቀት እየተሰማው ይቀዘቅዛል። በውርጭ ሌሊት ከገበያ ወይም ከድግስ ጠጥቶ በእግሩ የሚመለስ ሰው ትልቅ አደጋ ላይ ነው፤ መንገድ ላይ አረፍ ብሎ እንቅልፍ ከወሰደው ላይነሳ ይችላል። ትኩስ ሾርባ፣ በሶ፣ ቆሎ ቢሆን ግን እውነተኛ ሙቀት ነው፤ ሰውነት የሚያነደው እህል ነውና።

ጣራ፣ ግድግዳና ከብት

የሣር ክዳን ቤት ብዙ ሰው እንደ ድህነት ምልክት ያየዋል። በሙቀት ረገድ ግን ከቆርቆሮ ይበልጣል። ወፍራም ሣር በውስጡ አየር ይዟል፤ ጭሱን ቀስ እያለ ያሳልፋል፣ ሙቀቱን ይይዛል። ቆርቆሮ ቀጭን ብረት ነው። በጠራ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየጨረረ ከውጩ አየር እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ የቤተሰቡ ትንፋሽና የድስቱ እንፋሎት ሲነካው ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል። እንዲያም ሆኖ ሰው ቆርቆሮ መምረጡ ስሕተት አይደለም። ቆርቆሮ በእሳት አይጋይም፣ በየጥቂት ዓመቱ አይታደስም፣ የዝናብ ውኃም ይሰበሰብበታል። ለክዳን የሚሆነው ሣርም ግጦሽ እየጠበበ ሲሄድ ጠፍቷል። ጉዳቱ ቤቱ ቆርቆሮ መልበሱ ሳይሆን ቆርቆሮው ከሥሩ ምንም ሳይኖር ራቁቱን መቅረቱ ነው።

መፍትሔው ኮርኒስ ነው፤ ኮርኒስ ሲባል ግን የከተማው ዓይነት መሆን የለበትም። በመኝታው በኩል ብቻ በጭራሮ ወይም በሸንበቆ ርብራብ ላይ ጭቃ ቢመረግ፣ ወይም የታጠቡ የማዳበሪያ ከረጢቶች ተሰፍተው ቢወጠሩ በሰውና በቆርቆሮው መካከል የቆመ አየር ይፈጠራል። ከረጢቱ ከምድጃው በላይ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ፕላስቲክ ነውና ይቀጣጠላል።

ግድግዳው ወይ በእንጨትና በጭቃ፣ ወይ ድንጋይ በሞላበት ቀበሌ በድንጋይ ይሠራል። ዝናቡ ሲያልፍ፣ ውርጩ ከመጀመሩ በፊት፣ ጭቃን ከጭድና ከእበት ጋር አቡክቶ ግድግዳውን መምረግ የቆየ ልማድ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ትርፍ ያለው የሙቀት ሥራ አላውቅም፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ነፋሱን ያቆማል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይፈልጋል። ነፋስ የሚገባው በሥር በኩል ስለሆነ የሚደፈነውም የሥሩ ስንጥቅና የበሩ ግርጌ ነው። ጭሱ የሚወጣበት የላይኛው ክፍተት ከተደፈነ ቤቱ ይሞቅና ሰው ይታፈናል።

ከሰው ጋር ስለሚያድር ከብትም መናገር ያስፈልጋል። አንድ የአገራችን በሬ ቆሞ ሲያመሰኳ ጥቂት መቶ ዋት ሙቀት ያወጣል፤ ከሦስት እስከ አራት ሰው ያህል። ሁለት በሬና ስድስት ሰባት ሰው ያደሩበት ጎጆ እሳቱ ከተዳፈነ በኋላም ወደ 1 ኪሎዋት የሚጠጋ ሙቀት እየተሰጠው ያድራል። የአልፕስ ተራሮች ገበሬዎችም ለዘመናት ከብቶቻቸውን በአንድ ጣራ ሥር ያሳድሩ የነበረው በዚሁ ምክንያት ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከብት ከሰው ተለይቶ እንዲያድር በየቤቱ ሲያስተምር ቆይቷል፤ በጤና በኩል ትክክል ነው፣ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ብዙ ነውና። ነገር ግን ከብቱ ሲወጣ ያ ሙቀት አብሮ ይወጣል። ምክሩ የሚሰጠው እማወራ ወይም አባወራ ጉድለቱን በምን እንደሚሞላው ሊነገረው ይገባ ነበር። ጋጣው ከመኝታው ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርቶ በሩ በውጭ በኩል ቢሆን ጤናውም ይጠበቃል፣ ያ ግድግዳም ሞቆ ያድራል፤ ሌባ ቢመጣም ይሰማል።

ከአስታ እስከ ኩበት

ከጉና ጫፍ አስታ፣ ዝቅ ሲል ወይራ፣ ጽድና ኮሶ፣ ቆላው ላይ ግራር፦ አገሩ በየደረጃው የራሱ እንጨት ነበረው። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ያረጀ ወይራና ጽድ ማየት ብርቅ ነው። በምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ፣ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቀስ በቀስ ደቡብ ጎንደርንም ሞልቶታል። ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጥጣል፣ ከሥሩ ሌላ አያበቅልም እየተባለ ይወቀሳል፤ ወቀሳው እውነትነት አለው። ሆኖም በአምስት ስድስት ዓመት ደርሶ፣ ተቆርጦ ከጉቶው እንደገና የሚያቆጠቁጥ ሌላ ዛፍ በደገኛው እጅ የለም። ግንዱ ለጣራና ለግድግዳ ወይም ለገበያ ይሄዳል፤ ለቤት የሚቀረው ቅጠሉ፣ ጭራሮውና ቅርፊቱ ነው። ጥሩው እንጨት ብር ስለሚያመጣ ቤት ውስጥ የሚነደው ሌላው ነው፤ እሱም በአብዛኛው ኩበት ነው።

ኩበት የበጋ ሥራ ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሴቶችና ልጆች እበቱን ይሰበስባሉ፣ በእጅ ጠፍጥፈው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፣ ሲደርቅ ይከምሩታል። ክረምት ሲገባ ክምሩ ደረቅ ሆኖ የቆየለት ቤት ሀብታም ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ ኩበት 12 ሜጋጁል ያህል ሙቀት አለው፣ ደረቅ እንጨት 15 ወይም 16፣ ከሰል ወደ 29። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ግን ቁጥሩ ይፈርሳል። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ግማሽ ክብደቱ ውኃ ሊሆን ይችላል፤ እሳቱ ሙቀት ከመስጠቱ በፊት ያን ውኃ ሁሉ አትንኖ መጨረስ አለበት፣ የሚቀረው ጭስ ነው። በሚያዝያ ተፈልጦ በጣራው ጠርዝ ሥር የተደረደረ እንጨትና በነሐሴ ተቆርጦ የሚማገድ እንጨት አንድ ዓይነት ዛፍ ቢሆኑም አንድ ዓይነት ማገዶ አይደሉም። በክረምት ከምድጃው በላይ ያለው ቆጥ የነገውን እንጨት ማድረቂያ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከፍታው ራሱ ማገዶ ይበላል። በ3,000 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ድስቱ እየተንተከተከ ባቄላው የማይበስለው ለዚህ ነው፤ ከዚያ በላይ እሳት ቢጨመር ውኃውን ያተናል እንጂ ሙቀቱን ከፍ አያደርገውም። ጥራጥሬውን ከማታው ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ድስቱን መክደን፣ ከፈላ በኋላ እሳቱን መቀነስ፦ እነዚህ ሦስቱ በደጋ ቤት ከማንኛውም ከሚሸጥ ዕቃ የሚበልጥ ቁጠባ ናቸው።

ከማሳው ላይ የሚነደው

አሁን ወደ ዋናው ሂሳብ እንግባ። በቀን 8 ኪሎ ደረቅ ኩበት የሚያነድ ቤት እንውሰድ። በዓመት 2,920 ኪሎ ይሆናል። በደረቅ እበት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከመቶ 1.5 እጅ ያህል ነው ብንል፣ ያ ቤት በዓመት ወደ 44 ኪሎ ናይትሮጅን ያነዳል። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። ቤተሰቡ በምድጃው ውስጥ በየዓመቱ አንድ ኩንታል ዩሪያ ሊያክል ትንሽ የቀረው ያቃጥላል ማለት ነው። በእርግጥ እበቱ ወደ ማሳ ቢወጣም ናይትሮጅኑ በሙሉ ለሰብሉ አይደርስም፣ ከፊሉ ይተናል፣ ከፊሉ የሚለቀቀው በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ዩሪያ የማይሰጠውን ለመሬቱ ይሰጣል፤ አፈሩን ያለሰልሳል፣ እርጥበት ያስይዛል። ለሚሸረሸረው የጋይንትና የስማዳ ተዳፋት ይህ ከናይትሮጅኑ የማያንስ ጥቅም ነው።

ይህን ሂሳብ ለመላ አገሪቱ ከሠሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ የዓለም ባንኩ ኬኔት ኒውኮምብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በኢትዮጵያ የገጠር ደን ተከላ ላይ ባወጣው ጥናት፣ እንጨት ሲያልቅ ሰው ወደ ኩበት እንደሚዞር፣ ኩበት ሲነድ ምርት እንደሚቀንስ፣ ምርት ሲቀንስ ከብትና ጭድ እንደሚቀንስ፣ በመጨረሻ ኩበቱም እንደሚጠፋ ደረጃ በደረጃ አስቀመጠ። መደምደሚያው ለማገዶ የሚተከል ዛፍ ትርፉ በእህል እንደሚታይ ነበር። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚ ወረዳዎች ውስጥ መሆናቸውን ሳስብ ይህ ጥናት ትዝ ይለኛል። የምግብ እጥረቱ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ድርቅ አለ፣ የመሬት ጥበት አለ፣ መሸርሸር አለ። ምድጃው ግን ከምክንያቶቹ ውጭ አይደለም፤ በእርዳታ ስንዴ ከሚሞላው ጉድለት ከፊሉ በኩበት መልክ ነድዷል።

ኩበት አታንዱ ማለት ግን ቀላል አነጋገር ነው፤ ልጇ በብርድ የሚንቀጠቀጥባትን እናት እንዲህ የሚላት ሰው ምትኩን ይዞ መምጣት አለበት። ምትክ እስኪገኝ አመዱን ማትረፍ ይቻላል። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ ፎስፎረሱና ፖታሲየሙ ግን አብዛኛው አመዱ ውስጥ ይቀራል። አመዱን ጉድጓድ ውስጥ ከመድፋት ይልቅ ወደ ድንቹና ወደ ጎመኑ መበተን ከነደደው ላይ ጥቂቱን ማስመለስ ነው።

ሌላው ዋጋ የሴቶቹ ነው። ኩበት የምትጠፈጥፈውም፣ ጭራሮ የምትለቅመውም፣ ጭስ ውስጥ ቁጭ ብላ እንጀራ የምትጋግረውም በአብዛኛው አንድ ሴት ናት። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል፤ ከነዚህ ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ከ230,000 በላይ ናቸው። በክረምት በሩ ተዘግቶ፣ እንጨቱ ረጥቦ፣ ቤተሰቡ ሁሉ እሳቱን ከቦ ሲያመሽ ጭሱ ከማንኛውም ጊዜ ይበልጥ ይከፋል። ሙቀትና ጭስ ከአንድ ምድጃ ስለሚወጡ አንዱን ፈልጎ ሌላውን መሸሽ አልተቻለም።

ቁጠባ የሚያመጣው ብርድ

ባለሙያዎች ለዚህ ሁሉ ያቀረቡት መልስ የተሻሻለ ምድጃ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ምጣዱን ዙሪያውን ከልሎ እሳቱን ከሥሩ ያስቀራል፤ በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚጋገረው ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ማገዶ ይቆጥባል። ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃም ከተራው የብረት ማንደጃ ሩብ ያህል ከሰል ያተርፋል። ሁለቱም በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተሠሩ ጥሩ ሥራዎች ናቸው፣ ብዙ ዛፍም አትርፈዋል።

ለደጋ ግን አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ አለ። ሦስት ጉልቻ ብክነቱ ለምንድነው? ሙቀቱ ከድስቱና ከምጣዱ ውጭ ወደ ቤቱ ስለሚበተን ነው። መሐንዲሱ ብክነት የሚለው ሙቀት ለጋይንቱ ቤተሰብ ማታውን የሚያሞቀው ሙቀት ነው። ምድጃው የተከለለ ሲሆን እንጀራው በትንሽ ማገዶ ይጋገራል፣ ልጆቹ ግን ይበርዳቸዋል። ስለዚህ እናት ምርጥ ምድጃውን ለእንጀራ ትጠቀምና ማታ ጉልቻው ላይ እንደገና እሳት ታነዳለች። ሠልጣኞች ተቀብለው አይተገብሩም ተብለው የሚወቀሱት ለዚህ ከሆነ ወቀሳው ያለ ቦታው ነው። ሴቷ ስሌቷ ትክክል ነው፤ ምድጃው የተሠራው ለአንድ ሥራ ነው፣ እሷ ግን ሁለት ሥራ አለባት።

ይህን እንቆቅልሽ ሌሎች ብርዳማ አገሮች ከብዙ ዘመን በፊት ፈትተውታል። ኮሪያዎች ኦንዶል በሚሉት አሠራር የወጥ ቤቱ እሳት ጭስ በቤቱ ወለል ሥር በተሠራ መተላለፊያ አልፎ በሌላው ጫፍ በጭስ ማውጫ ይወጣል፤ በሰሜን ቻይና ደግሞ ካንግ የሚባለው የጡብ መኝታ በምድጃው ጭስ ይሞቃል። ራት ሲበስል መኝታው ይሞቃል፣ ጡቡም ሙቀቱን ይዞ ያድራል፤ ጭሱ ወደ ሰው አይመጣም። የእኛ አገር መደብ ከጭቃና ከድንጋይ የተሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከምድጃው ብዙ ያልራቀ ነው። ከካንግ የሚለየው በውስጡ መተላለፊያ የሌለው መሆኑ ነው።

ከተማ ላይ

በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ቤት ተከራይቶ የሚኖር መምህር፣ ነርስ ወይም ተማሪ ኩበትም ከብትም የለውም። የሚያድርበት ቆርቆሮ ክዳን ክፍል ነው፣ ማሞቂያው ከሰል ነው። ከሰል ሲሠራ በአገሬው የአፈር ምድጃ አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከ5 ኪሎ በላይ እንጨት ይነዳል፤ ከእንጨቱ ሙቀት አብዛኛው ከሰል ማክሰያው ቦታ ላይ ቀርቷል። ከዚያው ክልል በአዊ ዞን ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን ግራር እያለሙ፣ ከሰሉን እየሸጡና መሬቱን መልሰው እያረሱ ኖረዋል፤ ከሰል ያለ ደን ጭፍጨፋ ሊመረት እንደሚችል ያሳየ ሥራ ነው፣ ምንም እንኳ በቅርብ ዓመታት ዛፉን በሽታ ቢጎዳውም።

በጣሳ የሚገዛ ከሰል በማዳበሪያ ከሚገዛው ሁልጊዜ ይወደዳል፤ ድሃው ውድ የሚከፍለው አንድ ጊዜ የሚያወጣው ብር ስለሌለው ነው። ሦስት አራት ተከራዮች በግንቦት አዋጥተው፣ መንገዱ ሳይጨቀይና ከሰሉ ውኃ ሳይጠጣ፣ በማዳበሪያ ቢገዙ ልዩነቱ ይታያል። ሲገዙ ከረጢቱን ማንሳት ብቻ አይበቃም፤ እርጥብ ከሰል ከባድ ነው፣ ከሥሩም ብናኝ ሊሆን ይችላል።

ከዋጋው በፊት ግን ሕይወት አለ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ነው። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሎ፣ ጭሱ ሲያልቅና ሲፋፋም ማስገባት ይበቃል የሚለው እምነት ብዙ ሰው ገድሏል። ጭሱ ቢያልቅም መርዙ አያልቅም፤ ፍሙ በአመድ ተሸፍኖ ቀስ ብሎ ሲጤስ እንዲያውም ይበዛል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ምልክቱ ነው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን አያይም። በሩን ገርበብ አድርጎ መሞቅና ከመተኛት በፊት ማንደጃውን ከነፍሙ ማውጣት፤ ሌላ መንገድ የለም።

መብራት ያለው ሰው ደግሞ ሊያሰላው የሚገባ ነገር አለ። አንድ ኪሎ ከሰል 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይይዛል። የ1 ኪሎዋት ሰዓት መብራት የሚከፍልበትን ዋጋ በ8 አባዝቶ በሠፈሩ ከሚሸጠው የአንድ ኪሎ ከሰል ዋጋ ጋር ያወዳድር፤ የመብራቱ ካነሰ ክፍሉን በኤሌክትሪክ ማሞቅ ይረክሳል። ስሌቱን ሲሠራ ታሪፉ በፍጆታ መጠን እየጨመረ እንደሚሄድ፣ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ መወሰኑን ማስታወስ አለበት። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሰውን አያፍንም፤ ከሰልን በዋጋ እንኳ ባይበልጥ በዚህ ይበልጠዋል። ችግሩ መብራቱ መጥፋቱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋና አገልግሎት ሲቋረጥ ቤተሰቡ ተመልሶ ወደ ከሰሉና ወደ ጭራሮው ይሄዳል፤ ስለዚህ አንድ ማዳበሪያ ደረቅ ከሰል ጥግ ላይ ማኖር ብክነት አይባልም።

ለገጠሩ ቤት ግን የምጓጓው ስለ መደቡ ነው። የምርጥ ምድጃን ጭስ በመደቡ ውስጥ በድንጋይ በተደረደረ ቦይ አሳልፎ በግድግዳው ማዶ በቧንቧ ማውጣት ከባድ ምሕንድስና አይደለም። ጭስ በስንጥቅ እንዳያመልጥ ምርጊቱ ጥብቅ መሆን አለበት፣ ቦዩ ጥቀርሻ የሚጠረግበት መክፈቻ ያስፈልገዋል፣ ቧንቧው ከጣራው ሣር መራቅ አለበት፣ ሰው ከመተኛቱ በፊትም ለብዙ ሌሊት መፈተሽ አለበት። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ከጉና ግርጌ ነው፤ በየወረዳው ጭቃ የሚያቦካና ድንጋይ የሚያስር ግንበኛ ሞልቷል። በፋርጣ ወይም በላይ ጋይንት አንድ ቀበሌ ውስጥ አምስት ስድስት ቤት ተመርጦ አንድ ክረምትና አንድ የውርጭ ወቅት ቢሞከር፣ የማገዶው ክብደት በየቀኑ ቢመዘን፣ የመደቡ ሙቀት ሌሊት ቢለካ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚጋግሩት ሴቶች የሚሉት ቢጻፍ፣ ኩበቱ ስንት ወር ቀድሞ ወደ ማሳ መውጣት እንደሚችል በኪሎ ይታወቃል።